መዝገብዎ የተሸጠበትን እንጂ የተራገፈበትን አያውቅም፦ የጅምላ ቅርንጫፍ የት ይከፈት?

ጥያቄ፦ «መርካቶ አካባቢ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ የቲማቲም ድልህና የሕፃናት ዳይፐር በጅምላ እናከፋፍላለን። ሁለት ወንድማማቾች ነን። ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ለመክፈት አስበን በከተማው ምርጫ መስማማት አቃተን። እኔ አዳማ እላለሁ፣ ወንድሜ ሐዋሳ ይላል፣ የሽያጭ ኃላፊያችን ደግሞ ደሴ ነው የሚለው። የአራት ዓመት የሽያጭ መዝገብ በኮምፒውተር አለን። ይህን መረጃ ይዘን በግምት ሳይሆን በስሌት ለመምረጥ ከየት እንጀምር?»

ምላሽ፦

የአራት ዓመት መዝገብ ትልቅ ሀብት ነው፤ ብዙ አከፋፋዮች የላቸውም። ሆኖም አሁን ባለበት መልኩ ከተማ ልምረጥበት ቢሉ ያሳስትዎታል። መዝገቡ የሚያውቀው ዕቃው የተሸጠበትን ቦታ ነው፤ የተራገፈበትን አያውቅም። ከሀላባ መጥቶ 200 ካርቶን ሳሙና የጫነ ነጋዴ በኮምፒውተርዎ ላይ «አዲስ አበባ» ተብሎ ተቀምጧል። በደረሰኙ ላይ ያለው አድራሻም ቢሆን የንግድ ፈቃዱ የወጣበት እንጂ ሱቁ ያለበት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «ከየትኛው ከተማ ብዙ ይገዙናል?» ብለው መዝገቡን ቢጠይቁት ከአዲስ አበባ የሚል መልስ ይሰጥዎታል፤ መልሱም ምንም አይጠቅምዎትም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ይህንን ጉድለት መሙላት ነው። ለሁለት ወር ያህል ሻጮችዎ ደረሰኝ በቆረጡ ቁጥር ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ዕቃው የሚራገፈው የት ነው? የሚጫነው በምን መኪና፣ በስንት ብር ነው? ደንበኛው በወር ስንት ጊዜ ይመጣል? በሽያጭ ሰንጠረዡ ላይ ሦስት ዓምድ መጨመር ብቻ ነው። ደንበኞችዎ ብዙዎቹ ተመላላሽ ስለሆኑ በሁለት ወር የሰበሰቡትን የመድረሻ ከተማ በደንበኛው ስም ወደ ኋላ መልሰው ከአራቱ ዓመት መዝገብ ጋር ማያያዝ ይችላሉ። ያን ጊዜ የተኛው መዝገብ ካርታ ይሆናል።

እዚህ ላይ ከልምዴ አንድ ነገር ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት አንድ አከፋፋይ ዘንድ ይህንን ሥራ ስንሠራ ሻጮቹ የጻፉትን የመድረሻ ከተማ ጫኞቹ ከሚያውቁት ጋር አመሳከርነው። ከአምስት ደንበኞች የአንዱ ያህል መድረሻ የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። ገዢው «ለአዲስ አበባ ሱቄ ነው» ያለውን ዕቃ ጫኞቹ በየሳምንቱ በወላይታ ሶዶ መኪና ላይ ይጭኑት ነበር። ነጋዴ ገበያውን መደበቁ ያለ ነገር ነው፤ ሥራው ነውና አይፈረድበትም። ስለዚህ የጫኞችዎን አለቃ ለግማሽ ቀን ቁጭ አድርገው ያነጋግሩት። ማን ምን ያህል ወዴት እንደሚጭን ከሒሳብ ሠራተኛዎ ይበልጥ ያውቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ መለኪያው ነው። ሽያጩን በብር አይለኩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎችና ግብዓታቸው ከውጭ የሚመጣ የአገር ውስጥ ምርቶች ዋጋ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። በብር ሲታይ ያደገ የሚመስል ከተማ በካርቶን ሲቆጠር የቀነሰ ሊሆን ይችላል። በካርቶን ወይም በኩንታል ይቁጠሩ፤ ከዚያ የአንዱን ካርቶን ትርፍ በዛሬው ዋጋ ያባዙ። በተጨማሪም መዝገብዎ 2014 ዓ.ም.ን የሚጨምር ከሆነ ጦርነቱ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ መድረሱን ያስታውሱ። የእነዚያን ወራት የወሎ ሽያጭ እንደ መደበኛ ቆጥረው «ደሴ ደካማ ናት» ማለት ትክክል አይሆንም። ቀጥሎ በመጣው ወቅት ሱቆች ባዶ መደርደሪያ ሲሞሉ የታየውን ጭማሪም «ደሴ አደገች» ብለው አይተርጉሙት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቅርንጫፍ ሲከፈት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ይሸጣል?» ብሎ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ግን «ዛሬ የማንሸጠውን ስንት ይሸጥልናል?» የሚለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ድርጅት ያከስራል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የቀረቡ መሆናቸውን ልብ ብለው ይህን ስሌት ይከተሉ፤ የራስዎን ቁጥር በቦታቸው ይተኩ።

ከአንድ ካርቶን አዲስ አበባ ላይ 84 ብር ትርፍ አለዎት እንበል። ዕቃውን ወደ ቅርንጫፉ ለማድረስ ለአንድ ካርቶን 24 ብር ይወጣል፤ በቅርንጫፉ የሚሸጡት በአዲስ አበባው ዋጋ ከሆነ የሚቀርዎት 60 ብር ነው። የቅርንጫፉ ቋሚ ወጪ በወር የመጋዘን ኪራይ 120 ሺህ፣ ደመወዝ 60 ሺህ፣ ጥበቃና መብራት የመሳሰለው 30 ሺህ ይሁን። አብዛኛው ሰው የሚረሳው አራተኛ ወጪ አለ፤ እሱም መጋዘኑ ውስጥ የሚቀመጠው ዕቃ የያዘው ገንዘብ ነው። የ6 ሚሊዮን ብር ክምችት ካስቀመጡና የገንዘቡ ዋጋ (ለምሳሌ የባንክ ወለዱ) በዓመት 18 በመቶ ከሆነ በወር 90 ሺህ ብር ነው። ድምሩ 300 ሺህ ብር ይሆናል።

ቅርንጫፉ በወር 8,000 ካርቶን ሸጠ እንበል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ 8,000ውን በ60 አባዝቶ 480 ሺህ፣ ቋሚ ወጪውን ቀንሶ 180 ሺህ ብር ትርፍ አሳየ። ሁሉም ተደሰተ። ነገር ግን ከ8,000ው ውስጥ 5,000ውን የገዙት ቀድሞ መርካቶ መጥተው፣ በራሳቸው ወጪ ጭነው የሚሄዱ የእርስዎው ደንበኞች ነበሩ። ከእነሱ በካርቶን 84 ብር ያገኙ ነበር፤ አሁን 60 ሆነ። በዚህ ብቻ 120 ሺህ ብር ቀረ። በእርግጥ አዲስ የሆነው 3,000 ካርቶን ነው፤ ያስገኘውም 180 ሺህ ብር። ከዚህ 300 ሺህ ቋሚ ወጪውንና 120 ሺህ የቀረውን ሲቀንሱ ድርጅትዎ በየወሩ 240 ሺህ ብር ያጣል። የቅርንጫፉ መዝገብ ትርፍ እያሳየ ድርጅቱ ይደማል ማለት ነው። ይህ ቅርንጫፍ ቢያንስ ራሱን እንዲችል ከተዛወሩት 5,000 ሌላ 7,000 አዲስ ካርቶን ያስፈልገዋል።

ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ምክር እንድሰጥ ከተጠራሁባቸው ድርጅቶች አንዱ ከፍተኛ ገዢዎቹ የሚመጡበትን ከተማ መርጦ እዚያው መጋዘን ከፈተ። ዓመት ሙሉ የቅርንጫፉ ሽያጭ ሲያድግ የዋናው መጋዘን ሽያጭ ለምን እንደሚቀንስ ማንም አላያያዘውም፤ ሁለቱን ሪፖርት የሚያነቡት የተለያዩ ሰዎች ነበሩና። መረጃው ነበረ፤ ጥያቄው አልነበረም። የሠራተኞቹ ድካም እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በዚህ ዓይን የእርስዎን ሦስት ከተሞች እንያቸው።

አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የፍጥነት መንገዱም አለ። የአዳማ ባለሱቅ ጠዋት ወጥቶ መርካቶ ውስጥ ከአሥር ቦታ ዋጋ አነጻጽሮ፣ ጭኖ፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይገባል። የእርስዎን ሳሙና ለመግዛት ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ከዱባይ ተራ ሌላ ዕቃ፣ ከሌላውም ሌላ ይይዛል። አዳማ ቅርንጫፍ ቢከፍቱ የሚሸጡት በአመዛኙ ቀድሞም የሚሸጡትን ነው ብዬ እሰጋለሁ። አሰላና ወደ አዋሽ በሚወስደው መስመር ያሉ ትናንሽ ከተሞች በመዝገብዎ ካርታ ላይ ባዶ ሆነው ከታዩ ሐሳቤን ልለውጥ እችላለሁ። ዕቃ በኮንቴይነር በቀጥታ የሚያስመጡ ቢሆን ደግሞ ሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርብ ስለሆነ አዳማ ላይ መጋዘን መያዝ ትርጉም ይኖረዋል፤ ያ ግን የክምችት ጥያቄ ስለሆነ ስሌቱም ሌላ ነው።

ሐዋሳን በተመለከተ ወንድምዎን የምጠይቃቸው «ለምን ሻሸመኔ አይሆንም?» ብዬ ነው። በሁለቱ መካከል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው ያለው፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። ሐዋሳ የክልል መዲና ናት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ደመወዝተኛው ብዙ ነው፤ ዳይፐርና ብስኩት ከተማው ውስጥ ይበላል። ሻሸመኔ መስቀለኛ መንገድ ናት። አንዱ መንገድ ከዝዋይና ከሞጆ ይመጣል፤ አንዱ በሐዋሳ አድርጎ ወደ ዲላና ሞያሌ፣ አንዱ በሀላባ ወደ ሶዶና አርባ ምንጭ፣ አንዱ በኮፈሌና በዶዶላ ወደ ባሌ ይሄዳል። መልሱ ያለው በእርስዎ መዝገብ ውስጥ ነው። ወደ ይርጋለም፣ አለታ ወንዶ፣ ዲላና ቡሌ ሆራ የሚራገፈውን ካርቶን ደምሩ። ወደ ሀላባ፣ ሶዶ፣ ኮፈሌና ዶዶላ የሚራገፈውን ለብቻው ደምሩ። ሁለተኛው ድምር ከበለጠ ሐዋሳ መክፈት ማለት የዶዶላን ነጋዴ መስቀለኛውን አልፎ እንዲመጣና እንዲመለስ ማስገደድ ነው፤ አይመጣልዎትም።

ደሴም እንዲሁ ጥንድ አላት። ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ትንሹ ባለሱቅ መርካቶ ድረስ መመላለስ አይችልም። ስለዚህ አዲስ ደንበኛ የማግኘት ዕድሉ ከሦስቱ ሰፊ ነው፤ የሽያጭ ኃላፊዎ የታያቸው ይህ ይመስለኛል። ደሴ የቆየ የንግድ ከተማ ናት፤ ወደ ወልዲያና ወደ ምዕራቡ ወረዳዎች የሚሄደው ዕቃ እሷን ይነካል። ኮምቦልቻ ደግሞ ከታች ሜዳው ላይ ሆና በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ መስመር ትገናኛለች። ከባድ መኪና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ይወጣል፤ ለዚያ የሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋና ሰዓት በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፣ የሰንበቴ እሑድ። ዕቃዎ ወደ እነዚህ ገበያዎች የሚሄድ ከሆነ ከገበያው ቀን በፊት ባሉት ሁለት ቀናት መጋዘኑ ሙሉ መሆን ይኖርበታል።

ርቀትን በኪሎ ሜትር መለካት ይተዉ። በሰዓት፣ በብርና በተዘጉ ቀናት ይለኩ። በየመስመሩ የሚነዱ አሥር አሥር ሹፌሮችን አግኝተው ባለፉት 12 ወራት መንገዱ ስንት ቀን እንደተዘጋ፣ ስንት ጊዜ እንደተመለሱ፣ ሲመለሱ ጭነት እንደሚያገኙ ይጠይቋቸው። ባዶውን የሚመለስ መኪና የመመለሻውን ወጪ በእርስዎ ላይ ይጥለዋል። እህል ወይም ቡና ጭኖ የሚመለስ ግን ወደዚያ ሲሄድ በርካሽ ይጭንልዎታል። መንገዱ በተደጋጋሚ ለአሥር ቀን የሚዘጋ ከሆነ ቅርንጫፉ ቢያንስ የአሥር ቀን ተጨማሪ ክምችት መያዝ አለበት፤ ቅድም ያልነው የ90 ሺህ ብር ወጪም በዚያው ልክ ያድጋል። የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ሹፌሮቹ «አይሆንም» ያሉትን መስመር በማንኛውም ትርፍ አይክፈቱት።

መዝገብዎ የማያውቃቸው፣ ከእርስዎ ፈጽሞ የማይገዙ ሱቆችስ? እዚህ የውጭ መረጃ ያስፈልግዎታል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው በስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚወጣ ትንበያ ነው፤ ለወረዳ ደረጃ መነሻ ይሆናል፣ ነገር ግን እንደ ሐዋሳና ሻሸመኔ በፍጥነት የተለወጡ ከተሞችን በትክክል ይይዛል ብዬ አልተማመንበትም። ከሳተላይት ምስል የተሠሩና በነጻ የሚገኙ የሕንጻ ካርታዎች ከተማው በየት በኩል እንደሰፋ ያሳያሉ። የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት የፈቃድ ዝርዝርም ይጠቅማል፤ የተዘጋ ሱቅ በዝርዝሩ ላይ ሊኖር፣ ፈቃድ የሌለው ጉልት ደግሞ ላይኖር እንደሚችል እያሰቡ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእግር ቆጠራ ነው። ሁለት ወጣቶች ስልክ ይዘው በየከተማው ለአራት ቀን ይላኩ፤ አንዱ ቀን የገበያ ቀን ይሁን። መንደሮችን በዕጣ መርጠው እያንዳንዱን ሱቅ በካርታ ላይ ያስቀምጡ። ከመቶ ያህሉ ጋር ደግሞ ይነጋገሩ፤ ሳሙናውን ለመጨረሻ ጊዜ የገዙት መቼ፣ ከማን፣ በስንት ብር፣ በእጅ በእጅ ነው ወይስ በዱቤ? የዱቤው ጥያቄ ወሳኝ ነው። በ1931 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዊሊያም ራይሊ የተባለ አሜሪካዊ ገዢ በሁለት ከተሞች መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያሰላ ቀመር አቅርቦ ነበር፤ በእሱ መሠረት 100 ኪሎ ሜትር ከሚራራቁ ሁለት ከተሞች አንዱ በሕዝብ አራት እጥፍ ቢበልጥ የሁለቱ ገበያ ድንበር ከትንሹ ከተማ 33 ኪሎ ሜትር ላይ ይወድቃል። ለመነሻ ግምት ጥሩ ነው። ነገር ግን የእኛ ባለሱቅ ለ15 ቀን ዱቤ የሚሰጠውን ሰው ፍለጋ ያንን ድንበር በቀላሉ ይሻገራል። ከመቶው ሱቅ ሰባው በዱቤ የሚገዙ ከሆነና እርስዎ በእጅ በእጅ ብቻ የሚሸጡ ከሆነ፣ አዲስ ካርቶን ብለው የገመቱትን ወደ ሰላሳው ሱቅ ልክ ዝቅ ያድርጉት፤ ወይም የዱቤውን ገንዘብና የማይመለሰውን ክፍል ወጪው ውስጥ ያስገቡት።

አንድ በጣም ስስ ጉዳይ አለ። በየከተማው ከእርስዎ በብዛት ገዝቶ ለትንንሽ ሱቆች የሚያከፋፍል ነጋዴ መኖሩ አይቀርም። ቅርንጫፍ በከፈቱ ቀን ደንበኛዎ ተፎካካሪዎ ይሆናል። ከከተማው ሽያጭዎ ስንት በመቶው በአንድ ወይም በሁለት ሰው እጅ እንዳለ አሁኑኑ ያስሉ። ግማሹን የያዘ ሰው ካለ ቅርንጫፉ የሚጀምረው ያንን ግማሽ አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ነገ ከሌላ አስመጪ ይገዛልና። እንዲህ ባለ ከተማ ከኪራይና ከደመወዝ ይልቅ ለሰውየው የተሻለ ዋጋና የተወሰነ ዱቤ ሰጥቶ ወኪል ማድረጉ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ለዓመታት ዕቃዎን ተሸክሞ ገበያ ያለመደልዎትን ሰው ሳያነጋግሩ በሩ ላይ መጋዘን መክፈት ደግሞ በእኔ እምነት ነውር ነው።

ምናልባት ሌላ አማካሪ ነጥብ የሚሰጥ ሰንጠረዥ ያቀርብልዎታል፤ ለሕዝብ ብዛት 30፣ ለመንገድ 20፣ ለኪራይ 10 እያለ። አልመክርዎትም። 30ውን 20 ቢያደርጉት አሸናፊው ከተማ ይለወጣል፤ ሦስታችሁም የየራሳችሁን ከተማ የሚያስመርጥ ነጥብ ታገኛላችሁ፣ ክርክሩም በቁጥር ልብስ ይቀጥላል። ሁሉንም ነገር ወደ ብር ይለውጡትና በወር ስንት አዲስ ካርቶን፣ በስንት ወጪ እንደሚሸጥ ያወዳድሩ።

ስሌቱ አንድ ከተማ ሲያሳይዎት የአምስት ዓመት ኪራይ አይዋዋሉ። በመጀመሪያ አንድ አይሱዙ መድበው በሳምንት ቋሚ ቀን፣ በቋሚ ቦታ ለሱቆቹ ያድርሱ። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚሰበስቡት መረጃ ግን ከየትኛውም ጥናት ይበልጣል። ለሙከራው ወቅት ይምረጡለት። በሲዳማና በጌዴኦ ቡና በሚሸጥባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሁሉም ዕቃ ይሸጣል። በእነዚያ ወራት ብቻ ሞክረው ከወሰኑ ክረምት ላይ መጋዘኑ ያፈጥብዎታል። የአንዱን ከተማ ሙከራ በኅዳር፣ የሌላውን በሰኔ አድርጎ ማወዳደርም አይቻልም። ሁለት ከተማ የሚሞክሩ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ወቅት፣ ከተቻለ ለስድስት ወር ያካሂዱ።

መጋዘኑን ሲከራዩ ደግሞ መናኸሪያውና የገበያው መግቢያ በእግር የሚደረስበት፣ ከባድ መኪና ግን ጠባብ መንገድ ሳያቋርጥ የሚገባበት ቦታ ይፈልጉ። የከተማው አስተዳደር ከባድ መኪና የሚከለክልበት ሰዓት ካለ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። ከዚያም አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፉ፤ ቅርንጫፉ በስድስተኛው ወር ስንት አዲስ ካርቶን ካልሸጠ እንደሚዘጋ፣ ከዋናው መጋዘን ስንት ካርቶን በላይ ከወሰደ እንደሚዘጋ። ወረቀቱን እርስዎና ወንድምዎ ፈርማችሁ አንዱን ቅጂ ለሒሳብ ሠራተኛችሁ ስጡት፤ የሁለቱን መጋዘኖች ሪፖርት በየወሩ በአንድ ገጽ ላይ አድርጎ የሚያቀርብላችሁም እሱ ይሁን።